የእናት ጡት ወተት ስብ በላይፔዝ፦ መሃሉ ላይ ያለው ፓልሚቲክ ለምን ወረደብኝ?

የድሬ_ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦፒኦ የሚባለውን ስብ በላብራቶሪ መጠን እየሠራሁ ነው፤ ውጤቱ ግን አልገጥም አለኝ። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንድ የስብ ሞለኪውል ማለት ግሊሰሮል ላይ የተሰኩ ሦስት የስብ አሲዶች ማለት ነው። በእናት ጡት ወተት ከስብ አሲዱ ከ20 እስከ 25 በመቶው ፓልሚቲክ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ የሚቀመጠው መሃለኛው ቦታ ላይ ነው። የፓልም ዘይት ፓልሚቲክ ግን በብዛት ዳር ላይ ነው። የሕፃኑ ቆሽት የሚያመነጨው ላይፔዝ (ስብ ቆራጭ ኢንዛይም) ደግሞ የሚቆርጠው ዳር ዳሩን ነው። የተቆረጠው ፓልሚቲክ አንጀት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል፤ ዓይነ ምድሩ ይደርቃል፣ ስቡም ካልሲየሙም አብሮ ይወጣል። መሃሉ ፓልሚቲክ፣ ሁለቱ ዳር ኦሊይክ የሆነ ስብ፣ ማለትም ኦፒኦ፣ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ትራይፓልሚቲን (ሦስቱም ቦታ ፓልሚቲክ የሆነ ስብ) 10 ግራም፣ 90 በመቶ ንጹሕ ኦሊይክ አሲድ 21 ግራም (በሞል 1 ለ 6)፣ ሊፖዛይም ቲኤል አይኤም (ፍሬ ላይ የተጣበቀ ላይፔዝ) 3.1 ግራም። ሙቀት 65 ዲግሪ፣ ማግኔቲክ ስተረር፣ 24 ሰዓት። በ4ኛው ሰዓት የወሰድኩት ናሙና ጠቅላላ ፓልሚቲኩ 53 በመቶ፣ መሃለኛው ቦታ ላይ ካሉት አሲዶች ደግሞ ፓልሚቲኩ 94 በመቶ ነበር። ጠቅላላው ገና ይወርዳል ብዬ ተውኩት። በ24ኛው ሰዓት ጠቅላላው 44፣ መሃሉ 70 ሆነ።

ጥያቄዬ፦ መሃሉን ማን ነካው? ኢንዛይሙ ዳሩን ብቻ ነው የሚነካው ተብሎ አልነበር እንዴ? ወይስ ስህተቱ ከመለኪያው ነው? ሌላው፣ ኦሊይክ አሲድ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ስለሚፈጅ የባቢሌን የለውዝ ዘይት በቀጥታ ብጠቀምስ?

———

ስብ_ነክ (ሐረማያ)

ወንድሜ፣ መልሱ ራስህ በጻፍከው ቁጥር ውስጥ አለ። ጠቅላላው የሦስቱ ቦታ አማካይ ነው። በ3 አባዝተህ የመሃሉን ቀንስ፣ የቀረውን ለ2 አካፍል፤ የዳሮቹን ታገኛለህ። በ4ኛው ሰዓት 53 በ3 ሲባዛ 159፣ 94 ሲቀነስ 65፣ ለ2 ሲካፈል 32.5። በ24ኛው ሰዓት ከ132 ላይ 70 ሲቀነስ 62፣ ለ2 ሲካፈል 31። አየህ አይደል? በሃያ ሰዓት ውስጥ ዳሩ የተንቀሳቀሰው አንድ ነጥብ ተኩል ብቻ ነው። ጠቅላላው ከ53 ወደ 44 የወረደው ሥራው ስለቀጠለ ሳይሆን መሃሉ ስለፈረሰ ነው። ጠቅላላ ፓልሚቲክን ብቻ እያየ የሚሠራ ሰው እዚህ ወጥመድ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ማን ነካው ላልከው፣ በቀጥታ ኢንዛይሙ አይደለም። ኢንዛይሙ ከዳር አንዱን አሲድ አንስቶ ሌላ እስኪተካ ድረስ ዳሩ ባዶ የሆነ ዳይግሊሰራይድ ይቆያል። ያኔ የመሃሉ ፓልሚቲክ በራሱ ጊዜ ወደ ባዶው ዳር ይዘላል፤ ዳይግሊሰራይድ ሲተው ወደዚያ ነው የሚያጋድለው። ዳር ከደረሰ በኋላ ለኢንዛይሙ እንደ ማንኛውም የዳር አሲድ ነው፣ ቆርጦ ይተካዋል። ይህን ዝላይ የሚያፋጥኑት ሙቀት፣ ውሃ፣ ጊዜና ኢንዛይሙ የተጣበቀበት ፍሬ ናቸው። አንተ አራቱንም ሳትሰበስብ አልቀረህም።

ከፍሬው ልጀምር። ቲኤል አይኤም የተጣበቀው ሲሊካ ላይ ነው። ሲሊካው ራሱ ዝላዩን ያግዛል፤ በዚያ ላይ ምርቱ በዋናነት የተሰናዳው ዘይትን ከዘይት ጋር ለማለዋወጥ እንጂ እንደ አንተ በነጻ አሲድ ለመሥራት አይደለም። ለዚህ ሥራ አርኤም አይኤም፣ ማለትም ከራይዞሙኮር ሚሄይ የመጣውና ሬዚን ላይ የተጣበቀው፣ ይሻልሃል። ሁለተኛው ማግኔቱ ነው። የስተረር ማግኔት ከሥር ሆኖ ፍሬውን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያዝና እየው፦ ከታች እንደ በሶ የላመ ነጭ ዱቄት ካለ ተፈጭቷል ማለት ነው። ዱቄቱ በማጣሪያ ወረቀት ሾልኮ ከስቡ ጋር ያልፋል፤ አጣራሁ ብለህ ናሙናውን ስታስቀምጥ ሥራው እዚያም ይቀጥላል። በሼከር በደቂቃ 200 ዙር አድርገው፤ ካልሆነ በሙቅ ውሃ በተከበበ ቱቦ ውስጥ ፍሬውን ሞልተህ ዘይቱን አሳልፍ።

ሙቀቱን ወደ 60 አውርደው። ትራይፓልሚቲን ብቻውን የሚቀልጠው 65 አካባቢ ቢሆንም ኦሊይክ አሲዱ ያሟሟዋል። መጀመሪያ ሁለቱን ያለ ኢንዛይም በ70 ዲግሪ አቅልጠህ በቫኪዩም ውሃውን አውጣ፣ ወደ 60 ሲወርድ ኢንዛይሙን ጨምር። ፍሬውን ራሱን ግን አታድርቅ፤ ኢንዛይሙ የሚሠራው የራሱን ጥቂት እርጥበት ይዞ ነው። በአሴቶን ወይም በአልኮል የሚያጥቡት ሰዎች ያቺን እርጥበት አውጥተው ሞተ ይላሉ። ኦሊይክ አሲዱም የቆየና ጠረኑ የተለወጠ ከሆነ አይሆንህም፤ ፐርኦክሳይድ ኢንዛይሙን ቶሎ ይገድላል።

አሁን ዋናው ነገር። 1 ለ 6 ስትሠራ ዳር ላይ መድረስ የምትችለው ጣሪያ አለው። ለአንድ ሞል ትራይፓልሚቲን ሁለት የዳር ፓልሚቲክና ስድስት ኦሊይክ አለህ። ሲደላደሉ ዳሩ 75 በመቶ ኦሊይክ፣ 25 በመቶ ፓልሚቲክ ይሆናል። ሁለቱም ዳር ኦሊይክ የመሆን ዕድሉ 0.75 በ0.75፣ 56 በመቶ። ምንም ብትቆይ ኦፒኦው ከዚያ አያልፍም። ኦሊይኩን እጥፍ አድርገህ 1 ለ 12 ብትሠራ 73 በመቶ ትደርሳለህ፤ ግን የምታስወግደው የአሲድ ክምር ያስለቅስሃል።

ከዚያ ይልቅ ያንኑ ስድስት ሞል ለሁለት ክፈለው። መጀመሪያ 1 ለ 3፦ ዳሩ 60 በመቶ ኦሊይክ ይሆናል። ነጻ አሲዱን አውጣ፣ እንደገና ትኩስ 1 ለ 3 ጨምር፦ የዳር ፓልሚቲክ ወደ 16 በመቶ ይወርዳል፣ ኦሊይኩ 84፣ ኦፒኦው 70 በመቶ። ያልተነካው ትራይፓልሚቲንም በአንድ ዙር ሲሠራ 6 በመቶ ይቀር የነበረው ወደ 2.6 ይወርዳል። በሚዛን ደግሞ ቀላል ነው፤ 1 ለ 3 ማለት ከሞላ ጎደል ስብና አሲድ እኩል ክብደት ማለት ነው፦ ለ10 ግራም 10.5 ግራም ኦሊይክ፣ ኢንዛይም 2 ግራም። 1 ለ 3 ላይ ግን ስቡ ወደ 58 ዲግሪ ሲጠጋ መርጋት ስለሚጀምር ሙቀቱ እንዳይወርድብህ። ናሙና በ1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ሰዓት ውሰድ፤ ዳሩ መንቀሳቀስ ባቆመበት ሰዓት አቁም።

———

የድሬ_ልጅ

የዳሩን ስሌት አስቤውም አላውቅ። አቦ ተባረክ። ግን በሁለቱ ዙር መሃል አሲዱን በምን ላውጣው? ሞለኪውላር ዲስቲሌሽን እዚህ የለንም።

———

ስብ_ነክ (ሐረማያ)

በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ። 0.5 ኖርማል አድርገህ በ20 በመቶ ኢታኖል ውሃ አዘጋጅ። የመጀመሪያው ዙር 37 ሚሊሞል ያህል ነጻ አሲድ ስለሚኖረው 75 ሚሊሊትር ይበቃዋል። ስቡን በ200 ሚሊ ሄክሳን አሟሙ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨምር፣ አልካሊውን ቀስ በቀስ አፍስስ፤ ሮዝነቱ ሳይጠፋ ሲቆይ በቃ። ላይኛውን የሄክሳን ክፍል በጨው በጠገበ ውሃ እጠበው፣ ታችኛውን በ25 ሚሊ ሄክሳን አንድ ጊዜ ድገመው፣ ሁለቱን ሄክሳን አደባልቀህ በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት አድርቅ፣ ሄክሳኑን በሮታሪ አትንን።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ብዙ ሰው ሁለቱ ክፍሎች የሚለዩበትን ፈነል እንደ ቅቤ ገፊ ይንጠዋል። ያኔ ሳሙናው ራሱ አረፋ ሠርቶ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋቸዋል፤ እስከ ማታ ብትጠብቅ አይለይልህም። አዘንብለህ በቀስታ አዙረው እንጂ አትናጠው። ተሳስተህ ከናጥከው የጨው ውሃና ትንሽ ኢታኖል ጨምርበት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አትጠቀም፤ የሶዲየም ሳሙና ቶሎ ይረጋል። በፖታሲየምም ቢሆን ፓልሚቲክ ስላለው ከቀዘቀዘ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ድሬ ላይ ክፍሉ ራሱ ስለሚሞቅ ብዙም አትቸገር፤ እኛ ዘንድ ጠዋት ጠዋት ፈሳሹን ወደ 35 ዲግሪ ሳናሞቅ ፈነል ውስጥ ነጭ ሆኖ ሊረጋ ይችላል። በሙቀቱ ደግሞ ሄክሳን ፈነሉ ውስጥ ግፊት ስለሚፈጥር በየጊዜው አስተንፍሰው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ሆነ እሳት አጠገቡ አይኑር።

ወደ ሁለተኛው ዙር ከመግባትህ በፊት የእጥበቱ ውሃ ገለልተኛ መሆኑን አረጋግጥ። የቀረ ሳሙና ወይም አልካሊ አዲሱን ኢንዛይም በመጀመሪያው ሰዓት ያበላሸዋል፤ ሰው ግን ኢንዛይሙ ያረጀ ይመስለዋል።

———

ቲን_ሌየር (ድሬዳዋ)

ስለ መለኪያው እኔ ልጨምር። የ24 ሰዓቱ ውጤት በስብ_ነክ ስሌት ተብራርቷል፤ መለኪያህ ግን ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም። የመሃሉን አሲድ ለማወቅ የቆሽት ላይፔዝ የምትጠቀመው 40 ዲግሪ ላይ ነው። ያንተ ስብ ውስጥ ደግሞ በዚህ ሙቀት የማይቀልጥ ትራይፓልሚቲን አለ። ኢንዛይሙ ፈሳሹን ስብ ይቆርጣል፣ የረጋውን ይተወዋል፤ የምታገኘው ሞኖግሊሰራይድ (ዳሮቹ ተቆርጠው መሃሉ ብቻ የቀረው) ከናሙናህ ውስጥ የፈሳሹን ብቻ ይወክላል። ስለዚህ የመሃሉ ፓልሚቲክ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይህ ይችላል። ምናልባት የ4ኛው ሰዓት 94 በእውነቱ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

አሠራሩ፦ ከነጻ አሲድ የጸዳ ስብ 0.1 ግራም፣ እንዲሟሟ 0.2 ሚሊ ሄክሳን፣ 1 ሞላር ትሪስ ባፈር (ፒኤች 8) 2 ሚሊ፣ 0.1 በመቶ ሶዲየም ኮሌት 0.5 ሚሊ፣ 22 በመቶ ካልሲየም ክሎራይድ 0.2 ሚሊ፣ ላይፔዝ 20 ሚሊግራም። 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ በእጅ፣ ከዚያ አውጥተህ በቮርቴክስ በኃይል ልክ ሁለት ደቂቃ። ወዲያው በቧንቧ ውሃ አቀዝቅዝና 6 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 1 ሚሊ፣ ዳይኢታይል ኢተር 1 ሚሊ ጨምር። ሁለት ደቂቃ ስል ሁለት ደቂቃ ነው፤ አራት ደቂቃ ካቆየኸው ሞኖግሊሰራይዱም መዝለል ይጀምራል፣ ያኔ የምትለካው የራስህን መዘግየት ነው። የድሬ ቧንቧ ውሃ እኩለ ቀን ላይ ለብ ያለ ስለሆነ የበረዶ ውሃ አዘጋጅ።

ኢተሩን የስብ ዓይነቶችን በሚለይ ሲሊካ ፕሌት ላይ ጫን፣ ሄክሳን፣ ኢተርና አሴቲክ አሲድ 70፣ 30፣ 1 አድርገህ አሂድ፣ ዳይክሎሮፍሎረሲን ረጭተህ በአልትራቫዮሌት እየው። ፕሌቱ በቦሪክ አሲድ የተነከረ ቢሆን የመሃሉ ሞኖግሊሰራይድ ፕሌቱ ላይ ቆሞ ቦታ አይቀይርም። የሞኖግሊሰራይዱን መስመር በዚያው ሰዓት ፍቀህ ወደ ሜታይል ኢስተር ቀይረው፤ ለነገ ብለህ አታሳድረው።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ንጹሕ የወይራ ዘይት በዚሁ መንገድ ለካ። እውነተኛ የወይራ ዘይት መሃሉ ላይ ፓልሚቲክና ስቴሪክ ተደምረው ከ1.5 በመቶ አይበልጡም። አንተ 4 ወይም 5 ካገኘህ ስህተቱ ከእጅህ ነው፣ ከሬአክተሩ አይደለም። ሌላው፣ ከኢንዛይሙ የወጣውን ናሙና መጀመሪያ ራሱን ፕሌት ላይ አሂደው። ዳይግሊሰራይዱ ደምቆ ከታየ ስቡ ውስጥ ውሃ ነበረ ማለት ነው፤ ዝላዩም የመጣው ከዚያ ነው።

———

የባቢሌ_ዘይት (ሐረር)

ስለ ለውዙ እኔ ልመልስ፤ ዘይት መጭመቅ ሥራዬ ነው። የኛ ለውዝ ዘይት እንደ ዘሩና እንደ ዝናቡ ኦሊይኩ ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው፤ ሊኖሊኩ ኦሊይኩ ሲጨምር ይቀንሳል። በተጨማሪ አራኪዲክ፣ ቤሄኒክና ሊግኖሴሪክ የሚባሉ ረጃጅም ጠጣር አሲዶች አሉት፣ ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 በመቶ። ባቢሌ ላይ ብርድ ሲሆን የተቀመጠ ዘይት ጠዋት ከታች የሚደፈርሰው በነሱ ነው። እነዚህ ኦፒኦህ ዳር ላይ ገብተው ቢቀመጡ የሸሸኸውን ሳሙና በሌላ ስም መለስከው ማለት ነው።

ዘይቱን በቀጥታ ልጠቀም ያልከው ግን ከሁሉ በፊት በስሌት ይወድቃል። ዘይቱ የራሱን መሃል ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱ ደግሞ ኦሊይክና ሊኖሊክ ነው። አንድ ሞል ትራይፓልሚቲን ከሦስት ሞል የለውዝ ዘይት ጋር ብታለዋውጥ፣ ኢንዛይሙ መሃሉን ካልነካ፣ ከአራት ሞለኪውል መሃሉ ፓልሚቲክ የሆነው አንዱ ብቻ ነው። 25 በመቶ። መጀመሪያ ዘይቱን ወደ ነጻ አሲድ መቀየር ግድ ነው፦ 100 ግራም ዘይት 19 ግራም ያህል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል፤ ትንሽ ትርፍ አድርገህ በኢታኖል አፍላው፣ ከዚያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፈታው። የወጣውን አሲድ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረህ የረጋውን አጣርተህ ጣል፤ ረጃጅሞቹ በአብዛኛው እዚያ ይቀራሉ። ዩሪያ ተጠቀም የሚሉህ አሉ፤ ከኢታኖል ጋር ሲሞቅ ካርባሜት የሚባል ጎጂ ነገር ሊፈጥር ስለሚችል ለሕፃን ምግብ በሚታሰብ ነገር እኔ አልመክረውም።

ሌላው አፍላቶክሲን፣ የሻጋታ መርዝ፣ ነው። እርጥብ የተከመረ ለውዝ ሻጋታ ይዞ ይመጣል፤ ድፍድፍ ዘይት ውስጥም ያልፋል። በአልካሊና በሸክላ አፈር የተጣራ ዘይት ብዙውን ይጥላል፣ ግን ሳይለካ ጠፍቷል አይባልም። ለመለማመጃ ለውዝ ይሆናል። ለእውነተኛ ምርት ኦሊይኩ ከ80 በመቶ በላይ የሆነ የሱፍ ዘይት ያለበትን መንገድ ፈልግ።

———

የድሬ_ልጅ

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የ25 በመቶው ስሌት ወር ሙሉ ከመድከም አዳነኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ኑግስ እንዴት ነው?

———

የባቢሌ_ዘይት (ሐረር)

ኑግ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሊኖሊክ ነው፤ ለኦፒኦ አይሆንም። ግን የጡት ወተት ውስጥ አንዱ ዳር ኦሊይክ፣ ሌላው ሊኖሊክ፣ መሃሉ ፓልሚቲክ የሆነ ስብም በብዛት አለ። ያንን ለመሥራት ከኑግ የወጣ አሲድ ትንሽ መቀላቀል ያስኬዳል። ቶሎ ኦክሲዳይዝ ስለሚያደርግ ናይትሮጅን ከሌለህ አትጀምረው።

———

ሥነ_ምግብ_ሐረር

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ በሄክሳን ታጥቦ በላብራቶሪ የወጣ ስብ ለማንም ሕፃን አይሰጥ፣ በማንኪያም ቢሆን። ዱቄት ወተት ውስጥ ኦፒኦ ከሌሎች ዘይቶች ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው፤ ቅልቅሉም በኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ) የ1981 ስታንዳርድ ቁጥር 72 ይታሰራል፦ ስብ በ100 ኪሎካሎሪ ከ4.4 እስከ 6 ግራም፣ ሊኖሊክ ቢያንስ 300 ሚሊግራም፣ አልፋ ሊኖሌኒክ ቢያንስ 50 ሚሊግራም፣ የሁለቱ ጥምርታ ከ5 ለ 1 እስከ 15 ለ 1፣ ሎሪክና ማይሪስቲክ ተደምረው ከስብ አሲዱ ከ20 በመቶ በታች፣ ትራንስ ከ3 በመቶ በታች። በሃይድሮጅን የጠጠረ ዘይት ጨርሶ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከገበያ የረጋ ዘይት ገዝተህ እንደ ፓልሚቲክ ምንጭ አትቁጠረው።

ሁለተኛ፣ እዚህ አገር ጥያቄው መምጣቱ ስለማይቀር፦ ከተፈጥሮ ፓልሚቲኩ መሃል ላይ የሚገኝ የታወቀ የእንስሳ ስብ የአሳማ ነው፤ ሐረርጌ ላይ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አይነካውም። በኢንዛይም የመሥራቱ ትርጉም ለኛ ሰው አንዱ ይህ ነው። አርኤም አይኤም የሚመረተው ከሻጋታ ነው። ለመለኪያ የምትጠቀሙት የቆሽት ላይፔዝ ግን የአሳማ ነው፤ ምርቱ ውስጥ አይገባም፣ ሪፖርት ላይ ግን ለይታችሁ ጻፉት።

———

ቲን_ሌየር (ድሬዳዋ)

ያልተጠየቀ ግን የሚያጋጥም፦ መብራት። በሥራ መሃል መብራት ከሄደ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ስቡ ከቀዘቀዘ ፍሬው ላይ ረግቶ ይጋገራል፤ ሲመለስ በኃይል ስታናውጠው ይሰባበራል። ጠርሙሱ ገና ሙቅ እያለ በሽቦ ወንፊት አጣርተህ ፍሬውን ለይ፣ ስቡን ለብቻው አስቀምጥ፣ የቆየበትን ደቂቃ ጻፍ። መብራት ሲመጣ ስቡን በ70 አቅልጠህ ወደ 60 አውርድና ፍሬውን መልስ። ለሌላ ቀን የምታቆየው ከሆነ ፍሬውን አትጠበው፤ በተጣበቀበት ዘይት እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ ከድነህ ፍሪጅ አስገባው። በሚቀጥለው ዙር የ1ኛውን ሰዓት ናሙና ከመጀመሪያው ዙር የ1ኛ ሰዓት ጋር አወዳድር፤ የዳሩ ኦሊይክ በግልጽ ከወረደ ኢንዛይሙ ደክሟልና ቀይረው፣ ሰዓት ጨምረህ ልታካክሰው አትሞክር።